ልክ

በፔኒሼ ወደብ፣ ጀልባ በሚታደስበት፣
መንታ ሆነን መጣን፣ ባሕሩ ባበደበት።
እኔ መጀመሪያ፣ መዳፍ የማልሞላ፣
ዜፈሪኖ ኋላ።
አዋላጇ አቅፋው፣ እጇን ማመን ቢያቅታት፣
ወደ ቱና ሚዛን ሮጠች በዚያች ሰዓት።
መርፌው ዞረ፣ ዞረ፤
ዓሣ ሻጩ ሁሉ ከብቦ ቆጠረ።
እናቴ አልጋ ላይ፣ ጡቷን ይዛ ስትጠብቅ፣
ወደቡ ቀደማት ልጇን በማወቅ።

ከዚያ በየዓመቱ፣ በበዓሉ ቀን፣
ጀልባ ተባርኮ ሲገባ ወደቡን፣
ወንድሜ ሚዛን ላይ።
ከንቲባው ኪሎውን ጮኾ ሲያስነግር፣
አጎቴ ቲቡርሲዮ
ሳንቲም ይቆጥራል በባርኔጣው ሥር።

ፎቶ አንሺው ኢቫሪስቶ ራሱን ነቀነቀ፤
«ትልቅ ብቻውን አይተልቅም» አለ እየሳቀ፤
«ጎኑ ትንሽ ነገር ይቁም። ያቺን ልጅ አምጧት!»
እንዲህ ሆኜ ቀረሁ፣ እኔ ዴኦሊንዳ፣
የወንድሜ ስንዝር፣ የወንድሜ ክንድ፣
እሱ እንዲደነቅ አጠገቡ የማንስ።
እሱን አይተው «ይኼስ ልክ አይደለም» ይላሉ፤
ወደ እኔ ዞረው ግን ምንም አይሉም።
ልክ መሆን ይኼው ነው፤ ማንም አያይሽም።

ስድስት ዓመት ሲሞላን የሊዝበን ጋዜጣ መጣ፤
ግማሽ ገጽ ሙሉ ዜፈሪኖ ወጣ።
እኔን ቆርጠው ጣሉኝ፣ ቦታ ስላነሰ፤
ከእኔ የቀረው እጄ ነው፣ እጁ ውስጥ የኮሰሰ።

የማያውቃቸው ሴቶች ጉንጩን ይቆነጥጡታል፤
«እስቲ ብላ» ይሉታል።
ዳቦና ቋሊማ ዘርግተው ሲጠብቁ፣
ጠግቦ ሳለ ይጎርሳል፣ እነሱ እንዲስቁ።
ማታ ጓሮ ሲያስመልሰው ጀርባውን አሻለሁ፤
ሰፊ ነው፤ ከግራው ጀምሬ ቀኙ ሳልደርስ እደክማለሁ።

ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሰው የሚያየው ጎረምሳ፤
ሲያለቅስ «አታፍርም» ይሉታል፤ ዕድሜው በቁመቱ ተረሳ።
የትምህርት ቤቱ አግዳሚ ከሥሩ ከተሰበረ ወዲያ
በዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ፤
ደብተሩ ሁሉ ሳርዲን ሳርዲን ይሸት ነበር።

ድብብቆሽ ይወዳል። የሚያጫውተው የለም።
«ዜፈሪኖ ሊደበቅ!» — ሳቅ ብቻ።
እኔ ግን ግንቡን ተደግፌ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤
እስከ ሃያ እቆጥራለሁ።
ከተሰጣው መረብ ጀርባ ትከሻው ይታያል፤
ክርኑ፣ ጫማው፤ ትንፋሹ መረቡን ያወዛውዛል።
አልፌው እሄዳለሁ።
በርሜል እከፍታለሁ፤ «እዚህ የለም!»
ገመድ እገልጣለሁ፤ «እዚህም የለም!»
«የት ገባ?» ብዬ ድመቷን እጠይቃለሁ።
በዚያች ጥቂት ደቂቃ፣ በዚያች ቅጽበት፣
በዓለም ላይ አንድ ዐይን አላረፈበት።
አፉን በመዳፉ አፍኖ ሲስቅ እሰማለሁ፤
እንደዚያ ሲስቅ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም።

በአሥራ አምስት ዓመቱ ቆመ።
አጥንቱ ጠገበ መሰለኝ።
ሌሎቹ ደረሱበት፤ የጋጋሪው ልጅ አለፈው፤
እኔም ጆሮው ጋ ደረስኩ።
ከንቲባው በዚያ በዓል ሚዛኑን ለዓሣ ተወው፤
ቲቡርሲዮ ባርኔጣውን አራግፎ ራሱ ላይ ደፋው።
ኢቫሪስቶ መንገድ ላይ አግኝቶት
«የማን ልጅ ነህ?» አለው።
ወንድሜ ያን ዕለት ከሚዛኑ አጠገብ
እስኪመሽ ቆሞ ነበር። ማን እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩትም።

አሁን መረብ ይጠግናል። እሁድ እሁድ ይመጣል።
በር አያንኳኳም፤
ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ሄዶ ይቆማል፤
የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ጢሙ የሸበተ።
እግሩ ይታያል።
እጄን ከሳሙናው አውጥቼ እጠርጋለሁ።
በርሜል አልከፍትም፤ ድመትም የለችኝ።
ቀጥ ብዬ ሄጄ አንሶላውን እገልጣለሁ፤
«አየሁህ» እለዋለሁ።
«ሃያ ሳይሞላ!» ይለኛል።